የጀልባዋን ሞተር ስፖንጅ ያለበስኩ ጊዜ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው፤ ልዩነቱ አንዳንዱ ፍርሃቱን ቤቱ ደብቆ ሲኖር፣ አንዳንዱ እንደ እኔ ይዞት አደባባይ መውጣቱ ነው። እኔ ሰማዩ ሲያጉረመርም የማቀዝቀዣውን ሶኬት የምነቅል፣ በሬን ቆልፌ ቁልቁለቱን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ የምነቀንቅ፣ ባጃጅ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ የምጠይቅ ሰው ነኝ። የቁስቋም ጎረቤቶቼ «አያ ይርጋ ዛሬ ደግሞ ምን ሊመጣብን ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈሪ ሰው አደጋ አያመጣም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ፈሪ የሚያየው የለመደውን አደጋ ብቻ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን አይጥ፣ ብልና እርጥበት ስፈራ ኖሬ፣ በገዛ እጄ ሚስቴን ከእሳት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳት።

ሥራዬ ሶፋና ፍራሽ መሥራት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ መርፌ እንደያዝኩ አረጀሁ። ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለችው ሱቄ በተሠራ ሶፋ ላይ የተሞሸሩ ብዙ ናቸው፤ ተጣልተው እዚያው ሶፋ ላይ የታረቁም አይጠፉም። ስፖንጅ ጨበጥ አድርጌ ስለቀው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል እነግራችኋለሁ። እንዴት እንደሚነድ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሶፋ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ይመች እንደሆነ ነው።

የእህቴ ልጅ ስንሻው የተወለደው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ጠዋት አፍ ሲከፈት እንፋሎት የሚወጣበት ደጋ ነው። እስኪያገባ ድረስ ያየው ትልቁ ውሃ በክረምት የሚሞላው ወንዝ ነበር። ሚስት የሰጠው ግን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ሆነና፣ አማቱ ዓይናቸው ሲደክም ጀልባቸውን ለእሱ አስረከቡት። እንዲህ ሆኖ ደገኛው ባለ ጀልባ ሆነ። ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ግራና ቀኝ ባሉት አግዳሚዎች ሃያ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥባታል። መሐል ላይ በእንጨት ሣጥን የተከደነ የናፍጣ ሞተር አላት። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ? ድምፁ እንደዚያ ነው።

የእኛ የቁስቋም ማኅበር በየዓመቱ በዚህች ጀልባ ተሳፍሮ ሴትም ወንድም ወደሚሳለምበት ደሴት ይሄዳል። እኔ ውሃ ስለምፈራ አልሄድም፤ ባለቤቴ ዓለምነሽ ግን ቀርታ አታውቅም። አምና ሲመለሱ የማኅበሩ መሪጌታ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ድምፃቸው ሸጋ ነው፤ ቁስቋም ላይ ሲያዜሙ የሚያደምጥ ሁሉ ልቡ ይቀልጣል። ጀልባዋ ላይ ግን፣ «እኔ ባነሣሁ ቁጥር የሚቀበለኝ ሞተሩ ነው!» አሉ። ይህ ወሬ ስንሻው ጆሮ ደረሰና አፈረ። ዘንድሮ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሣጥኑን ፈታቶ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ሱቄ ድረስ አመጣው።

«አያ፣ ውስጡን ስፖንጅ ያልብሱልኝ። ድምፁ ይታፈን፣ መሪጌታም ይረፉልኝ።»

«አይጥ አለ?» አልኩት።

«ኧረ አያ፣ ሐይቅ ላይ ምን አይጥ አመጣ!»

«እርጥበትስ አያገኘውም?»

«ሞተሩ ሙቀት አለው፤ ያደርቀዋል።»

በዚህ ረካሁ። አያችሁ? ሞተሩ ሙቀት እንዳለው ነግሮኛል። እኔም ሰምቼ፣ «እሰይ፣ እንግዲያስ አይሻግትም» ብዬ ተደሰትኩ።

የሠራሁትን ሥራ ብታዩት ታደንቁ ነበር። ሦስት ጣት ውፍረት ያለው የሶፋ ስፖንጅ ቆርጬ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ አራቱንም ግድግዳና የክዳኑን ሆድ አለበስኩት። ጎንና ጎኑ ላይ ያሉትን ሁለት የአየር ቀዳዳዎች እንዳሉ ትቼ ዙሪያቸውን ከፈፍኳቸው። ክዳኑን ከላይ ቆዳ መሰል ጨርቅ አልብሼ፣ እንደ ሶፋ መደገፊያ ቁልፍ ቁልፍ ሰክቼበት፣ ዳር ዳሩን ጥልፍ አዞርኩለት። ለሞተር ጥልፍ! ሞተሩን ግን በዓይኔ አላየሁትም። ምኑ የት እንዳለ፣ የትኛው ጎን እንደሚግል አልጠየቅሁም። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ መስሎኝ ነው የሠራሁት። ስንሻውም ከቁርጥራጩ ጥቂት ለምኖኝ፣ ሣጥኑን ጭኖ ጎርጎራ ወሰደው።

ማኅበርተኛው ወደ ጎርጎራ የወረደው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር ማንም መቅረት አልፈለገም። ቅዳሜ በጠዋት ይሻገራሉ። እኔ ዓለምነሽን መኪና ውስጥ አስገብቼ፣ የመኪናውን ጎማ በእግሬ መታ መታ አድርጌ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ሙሉቀን በያጅ ነው። የዚያን ቀን ደጁ ላይ የመስኮት ፍርግርግ ይበይዳል። ከጀልባዋ ሣጥን የተረፈውን ቁርጥራጭ ለትራስ ብዬ በማዳበሪያ ከረጢት በሬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዲት ብልጭታ ዘልላ ከረጢቱ ውስጥ ገባች። አንዲት ብቻ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሁለት ጊዜ እንኳ ለማስነጠስ በማይበቃው ጊዜ ውስጥ ነበልባሉ ከጉልበቴ በላይ ሆነ። ጭሱ እንደ ቀለጠ ሬንጅ የጠቆረ ነው። ሙሉቀን ሮጦ ረገጠው፤ የቀለጠው ስፖንጅ ጫማው ላይ ተጣብቆ እዚያም መንደዱን ቀጠለ። እየዘለለ ጫማውን አወለቀና እርጥብ ጆንያ አምጥቶ ከረጢቱ ላይ ጣለበት። ጸጥ አለ። እኔ ጠንቃቃው ሰውዬ ጠፍቶ እንደሆነ ላረጋግጥ የጆንያውን ጫፍ ገለጥ ሳደርግ፣ ቡፍ ብሎ ፊቴ ላይ ተነሣ። ቅንድቤ ተለበለበ።

«አይክፈቱት አያ! አየር እየሰጡት እኮ ነው!» ብሎ እጄን መታኝ።

ክፍተቱን ደፈነና ሁለታችንም ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቅንድቤን እያሻሸሁ ሳለ የስንሻው ሣጥን ትዝ አለኝ።

«ሙሉቀን፣ የሞተር ጭስ ማውጫው ይግላል እንዴ?»

«ማርሚታው? እንቁላል ይጠብሳል።»

«ዘይትስ ያንጠባጥባል?»

«የማያንጠባጥብ የናፍጣ ሞተር ካዩ ያሳዩኝ።»

«እንግዲህ አንድ ሰው፣ ይህንን ስፖንጅ ሞተር ዙሪያ ቢለጥፍ...»

ሙሉቀን ዞሮ አየኝ። «የቱ ጅል ነው እንዲህ ያደረገ?»

«አንድ ሰው ነው» አልኩ።

ስንሻው ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ሐይቁ ዳር ኔትወርክ መጥቶ የሚሄደው እንደ እንግዳ ነው። ወደ ቤቴ እየሮጥኩ፣ ማለት እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ እንደሚሮጠው እየሮጥኩ፣ ወደ ዓለምነሽ ደወልኩ። ጠራ! እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በሬን ስከፍት የሚጠራው ከቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ለካ ለበረከት ስትሄድ ስልክ አትይዝም።

በዚያ ሰዓት ወደ ጎርጎራ የሚሄድ መኪና የለም። ስለዚህ ተቀምጬ አነጋሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምፈራው አሥር ነገር ነበረኝ፤ የዚያን ዕለት አንድ ብቻ ቀረኝ። የዓለምነሽን ቦታ አውቀዋለሁ። ወገቧን ስለሚያማት ሁልጊዜ የሚሞቀውን መሐሉን፣ ከሞተሩ ሣጥን አጠገብ ያለውን ቦታ ትይዛለች።

ጎህ ሲቀድ ከአዘዞ የተነሣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። ፍሬኑን አልጠየቅሁም። ቆላ ድባ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ሲወርድ ለመንኩት፤ ጯሂት ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ጮኽኩበት። ሰዉ ሁሉ ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ ነው ብሎ አዘነልኝ።

ስደርስ ማኅበርተኛው ነጭ በነጭ ለብሶ ተሳፍሯል። ሞተሩ ተነሥቷል። የሚያስደነግጠው ግን አለመሰማቱ ነው! ድመት ምድጃ ዳር ስትተኛ እንደምታሰማው ያለ ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። መሪጌታ ቆመው ያዜማሉ፤ ሰው ይቀበላል፤ ዓለምነሽ የጠለፍኩትን ክዳን ለጎረቤቷ በኩራት ታሳያለች።

«ስንሻው፣ አጥፋው! ሰውን አውርድ!» አልኩ ገና ከዳር።

«ምነው አያ? በሰላም ነው?»

«ስፖንጁ ይነድዳል! በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ስንሻው ዙሪያውን ሐይቁን ተመለከተና ሳቀ። «አያ፣ ውሃ ላይ ነን እኮ። እሳት እዚህ ምን ይሠራል?»

ጀልባው በሙሉ ሳቀ። መሪጌታ በገርነት፣ «አያ ይርጋ፣ ቅዳሴው እዚያ ማዶ ተጀምሯል። ስመ እግዚአብሔር ጠርተን የተነሣንበትን መንገድ አያውኩብን» አሉኝ። ዓለምነሽ ደግሞ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጎንደር አልበቃህ ብሎ እዚህ ድረስ ልታስፈራራን መጣህ?» አለችኝ።

«ውረጂ» አልኳት።

«አልወርድም።»

እንግዲህ ምን ትላላችሁ? ሚስቱን ማውረድ ያቃተው ሰው ያለው ምርጫ መሳፈር ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ላይ ወጣሁ፤ ቀጥ ብዬም ሄጄ የሞተሩ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከፍቼ እንዳላይ ክዳኑ በብሎን ታስሯል። ስለዚህ ያለኝ መሣሪያ መቀመጫዬና መዳፌ ብቻ ነው። መዳፌን ክዳኑ ላይ አድርጌ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ሙቀቱን አዳምጣለሁ።

ዳሩ ከራቀን በኋላ ወደ ጎን አጎንብሼ የአየር ቀዳዳውን ፈለግሁ። የለም። በቀዳዳው ልክ የተቆረጠ የእኔው ስፖንጅ ተወትፎበታል። የወዲያኛውም እንዲሁ።

«ስንሻው፣ ይህንን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ» አለ መሪውን እንደያዘ። «ብርድ እንዳይገባበት ብዬ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ከገባው እንደማይነሣ አያውቁም?»

አወቅሁት። በአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ሲያድር ሾፌሩ ሞተሩን በጆንያና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ያገሬ ሰው ሞተርን የሚያሳድገው እንደ ጥጃ ነው። ጎርጎራ ግን ለእኛ ለደገኞቹ ቆላ ነው። ሞተሩ በቆላ ሙቀት ጋቢ ለብሶ፣ አፍንጫው ተደፍኖ ይሠራል።

አንዱን ውታፍ ነቀልኩት። ከቀዳዳው አየር ይገባል ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር ክር ወጣ። ሽታውን ከትናንት አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጣም ፈጣን ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስታውሰው ቀስ ብሎ ይታየኛል። «አጥፋው! ናፍጣውን ዝጋ!» አልኩ። ስንሻውም ጭሱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሞተሩን አጠፋ፣ ከበስተኋላ ያለውን የናፍጣ በርሜል ቧንቧ ዘጋ። ከዚያ መፍቻ ይዞ ወደ እኔ ዘለለ።

«ይነሡ አያ! ልክፈተው፣ ውሃ እናፍስበት!»

«አልነሣም።»

«ይቃጠላሉ እኮ!»

«ከከፈትከው ሁላችንም እንቃጠላለን። አየር ከሰጠኸው ይነሣል። ይኸው፣ ቅንድቤን እየው!»

ሰዉ በአንድ ጎን ተነሥቶ ጀልባዋ አዘነበለች። አንዲት ሴት «ኪዳነ ምሕረት!» ብላ ጮኸች። ከመቀመጫዬ ስር የሚሰማኝ ሙቀት ከመጋረፍ አልፎ ሊያስነሣኝ ደርሷል። የያዝኩት አንድ ትምህርት የሙሉቀን እርጥብ ጆንያ ብቻ ነው። «ልብሳችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩና ስጡኝ!» አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የበዓል ልብስ ነዋ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዓለምነሽ ናት። ነጠላዋን አውልቃ ሐይቁ ውስጥ ነከረችና፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ጭኔ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ በነጠላ ላይ ተደረበ። የነቀልኩት ቀዳዳ ግን ጭሱን እየተፋ ነው፤ ቀጭን ልብስ አልደፍነው አለ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን ፈቱ። ያ ሁሉ ክንድ ጥምጣም ተፈትቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። መሪጌታን ያለ ጥምጣም ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ራሳቸው ትንሽ ናት።

«አሁንስ?» አለ ስንሻው።

«አሁን መጠበቅ ነው።»

«እስከ መቼ?»

ምን አውቄ። ሰዓት የለኝም፤ ቢኖረኝም እሳት በሰዓት አይሄድ። ወደ መሪጌታ ዞርኩና፣ «አባታችን፣ አርባ አንድ እግዚኦ ያድርሱልን። ሲያልቅ ደግመው፣ ከዚያም ሠልሰው። እስከዚያ ማንም ክዳኑን አይንካ» አልኳቸው። በጣታቸው መቋጠሪያ እየቆጠሩ ጀመሩ። በየመሐሉ ስንሻውና ሁለት ወንዶች በባልዲ ሐይቁን እየቀዱ ልብሱን ያረጥባሉ። በመጀመሪያው አርባ አንድ ከልብሱ እንፋሎት ይነሣ ነበር። በሁለተኛው እንፋሎቱ ሳሳ። በሦስተኛው መዳፌን አስገብቼ ዳሰስኩ፤ ለብ ብሏል።

በመቅዘፊያ እየቀዘፍን ዳር ደረስን። ሰው ሁሉ ወርዶ ከራቀ በኋላ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዘን ክዳኑን ከፈትን። ከጭስ ማውጫው በኩል ያለው ስፖንጅ የለም፤ ቀልጦ ሞተሩ ላይ እንደ ጥቁር ማር ወርዷል። የቀረው ዘይት ጠጥቶ ከብዷል፤ ለመንደድ ተራውን ይጠብቅ ነበር። የናፍጣው ጎማ ቱቦ ለስልሷል። ከቀለጠው ስፖንጅ የሚለየው የአንድ ጣት ውፍረት ነው። ስንሻው ያቺን ጣት ለካትና ዳሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ጥልፉን አየሁ። ጥልፉ ምንም አልሆነም።

በሳምንቱ ሙሉቀንን ይዤ ወረድኩ። አንድም ስፖንጅ አላስቀረንም። የዳቦ ቤት ምድጃ በሚጠቀለልበት፣ ከመስታወት በተፈተለ ጥጥ ሣጥኑን ሸፍነን፣ ዘይት እንዳይጠጣ በላዩ ላሜራ አለበስነው። ጭስ ማውጫውን ለብቻው ጠቀለልነው። ከሞተሩ ስር የዘይት መቀበያ ሳህን ገባ። የአየር ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆኑ፤ ስንሻውም ብርድ ቢገባው ይግባው ብሎ ማለ። የእሳት ማጥፊያው የተሰቀለው ሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን መሪው አጠገብ ነው። ክዳኑ ላይም ሳይከፈት የማጥፊያውን አፍ የሚያስገባ ባለ ውታፍ ቀዳዳ አበጀን። ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱን ዕቃ ጣት የምታህል ቆርጬ፣ ሜዳ ላይ ክብሪት ለኩሼባታለሁ። እናንተም ማንም ሰው «አይነድም» ብሎ ሲሰጣችሁ እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ቢቀየም ይቀየም።

የማኅበሩ ወርኃዊ ቀን ሲደርስ ተረኛው መሪጌታ ነበሩ። ጎርጎራ የነበረው ሁሉ መጥቷል፤ ስንሻውም ተጠርቷል። አዲስ ጥምጣም የጠመጠሙት መሪጌታ ተነሥተው ስለ እኔ ተናገሩ። እግዚአብሔር የሃያ ነፍስ ጠባቂ አድርጎ ልኮኛል፤ ውሃ የሚፈራ ሰው ባሕር ተሻግሯል፤ እሳት ላይ ተቀምጧል አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጠላዬን አስቀመጥኩ። እኔ ብዙ ነገር እፈራለሁ፤ ያልሠራሁትን መመስገን ግን ከሁሉ ይብሳል። ተነሣሁ።

«ማኅበርተኞች» አልኩ፣ «ያንን ስፖንጅ ሞተሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ?» አሉ። «አያችሁ ትሕትና? የሌላውን በደል በራሱ ላይ ጫነ!»

«ኧረ አባቴ፣ እውነቴን ነው! ማስቲሹን የቀባሁት እኔ ነኝ!»

ይኼኔ ስንሻው ከመሐል ተነሥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ! አያ እኔን ሊሸፍኑ ነው!» አለ እየተንሰቀሰቀ። እልልታው ከቅድሙ በረታ። አንዲት ሴት የጋቢዬን ጫፍ ስማ ለበረከት ፊቷን አሸችበት። እኔ ልጁን ከእግሬ እያነሣሁ፣ ስለ ስፖንጁ ውፍረት እንደገና ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ስቆርጥም ስለጥፍም አጠገቤ ሆና ያየችኝ ዓለምነሽ ጋቢዬን ወደ ታች ጎተተችው።

«ተቀመጥ አንተ ሰውዬ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንዴ ከደገምከው ታቦት ያስቀርጹልሃል።»

ተቀመጥኩ።